የ«ዘ አሜሪካንስ» መጨረሻ፦ ለካ እኔ ያየሁት ተቆርጦ ነው (ያልጨረሰ ሰው አይግባ!)

ዓባይ ማዶ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡12

ሰላም ናችሁ ጎበዝ። ይህን ጉድ ለሰው ሳልናገር ማደር አቃተኝ።

«ዘ አሜሪካንስ»ን፣ ያንን ተራ አሜሪካውያን መስለው ስለሚኖሩ የሶቪየት ሰላይ ባልና ሚስት የሚተርከውን ተከታታይ ፊልም፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጨርሻለሁ። የጨረስኩ መስሎኝ ነበር ማለት ይሻላል። ያኔ ኔት የሚባል ነገር ስላልነበረ ፊልም የምናየው እንደ ድሮው በፍላሽ እያስጫንን ነው። ገበያው አካባቢ ካለች አንዲት ሙቪ ቤት ጎራ ብዬ ስድስቱንም ሲዝን በአንዴ አስጫንኩ። 75 ክፍል። «ሙሉ ነው አይደል?» ስለው ልጁ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ሙሉ ነው ብሮ» አለኝ።

ክረምቱን ማታ ማታ እያየሁ የመጨረሻው ክፍል ላይ ደረስኩ። ያ የመኪና ማቆሚያው ትዕይንት መጣ። ባልና ሚስቱ ፊሊፕና ኤልሳቤጥ ከልጃቸው ከፔጅ ጋር ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ስታን ጠራቸው። ጎረቤታቸው፣ የፊሊፕ የልብ ጓደኛ፣ የኤፍ ቢ አይ ሰው። ሽጉጥ ደግኗል። መጀመሪያ ይዋሹታል። ከዚያ ፊሊፕ ውሸቱ ይደክመውና ያወጣዋል። የስታን ፊት እዚያው እያየነው ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ ዞር ይልላቸዋል። መኪናው ይወጣል። ዘፈኑ ይጀምራል።

ከዚያ ጭልም። ፋይሉ አለቀ።

እኔ እኮ አጨበጨብኩ! ብቻዬን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ። ባለቤቴ ተኝታለች። «እንዲህ ነው እንጂ አጨራረስ! ይያዙ አይያዙ ለተመልካች ተወው!» እያልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤት ሻይ ሰዓት ላይ ይህንኑ ሰብኬያለሁ። ሰው አሳምኜበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችን ምሳ ላይ «ያ የባቡሩ ነገር ግን አንጀቴን በላው» አለ። የምን ባቡር?

ሐሙስ ዕለት ቀሪውን አውርጄ አየሁት። ስልኩ። ባቡሩ። ፔጅ። ሄንሪ። ሞስኮ። እስካሁን አልተመለስኩም።

በኔ መጨረሻ እነዚህ ሰዎች አምልጠዋል። በእውነተኛው መጨረሻም አምልጠዋል፣ ግን አላመለጡም። እስቲ ንገሩኝ፣ የቱ ይሻላል?

ቀበሌ 14 | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡20

ሃሃሃሃሃ ኧረ በማርያም! ሁለት ዓመት?!

እውነቱን ልንገርህ፣ የሙቪ ቤቱ ልጅ ጥሩ ኤዲተር ነው። የኤሚ ሽልማት ይሰጠው።

ዓባይ ማዶ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡22

ሳቅ፣ ሳቅ። ሻይ ሰዓት ላይ ያሳመንኳቸውን ሰዎች ሰኞ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

አትንገሩኝ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡25

ሲዝን 3 ላይ ነኝ። ፔጅ ባቡር ላይ ምን ሆነች?

ቀበሌ 14 | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡26

አንተ ሰው፣ ርዕሱ ላይ ምን ይላል? ውጣ!

የሽምብጥ እናት | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡48

እኔ ይህን ፊልም ከልጄ ጋር ነው ያየሁት። እሷ ለስለላው፣ እኔ ለትዳሩ።

አንተ ልጅ፣ ያልታየህ ክፍል ዋናው እኮ ነው! የመኪና ማቆሚያውማ የወንዶቹ ጉዳይ ነው። ጓደኛዬ ከዳኸኝ፣ አልከዳሁህም። ለኔ ፊልሙ ያለቀው የስልኩ ላይ ነው። መንገድ ዳር ካለ የሕዝብ ስልክ ለሄንሪ ይደውላሉ። ልጁ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ምንም አያውቅም። አባቱ «ኮርቼብሃለሁ፣ እወድሃለሁ» ይለዋል። ልጁ ደግሞ አባቱ ጠጥቶ የደወለ ይመስለዋል። ከዚያ እናትየዋ ስልኩን ትቀበላለች። ጥቂት ቃል ተንፍሳ ታቆማለች።

እኛ ቤት ይህ የተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያ ልጄ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። ሲደውል ባለቤቴ አንስቶ «ደህና ነህ? ሥራ? ጤና? በል እናትህን ላገናኝህ» ብሎ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ይወረውርልኛል። እኔ ሃያ ደቂቃ አወራለሁ። እዚያ ግን የሚያወራው አባት ነው፤ እናት ቃል ያጥራታል። ስንት ሰው በአንደበቷ ያሳመነች ሴት፣ ሃያ ዓይነት ዊግ እየቀያየረች ሃያ ዓይነት ሰው የሆነች ሴት፣ ለልጇ የምትለው አጣች። ያቺን ስልክ የያዘችበትን እጅ አየሁና ቡናዬ በረደ።

አንተ ይህን ሳታይ ነው ያጨበጨብከው!

ዓባይ ማዶ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡55

እትዬ፣ በእርስዎ ጽሑፍ ጥፋቴ ጨመረብኝ።

ክራር | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡10

የዘፈን ሰው ስለሆንኩ ስለሱ ብቻ ልበል። ከመኪና ማቆሚያው ሲወጡ የሚገባው የዳየር ስትሬትስ «ብራዘርስ ኢን አርምስ» ነው፣ የ1985 (እ.ኤ.አ.)። ስለ ጦር ሜዳ ወንድማማችነት የተዘፈነ ነው። ማን ከማን ጋር ነው ወንድም? ፊሊፕና ስታን? ፊሊፕና ኤልሳቤጥ? መልስ አይሰጡህም።

ባቡሩ ላይ ደግሞ የዩቱ «ዊዝ ኦር ዊዛውት ዩ»፣ የ1987። ታሪኩ ራሱ በ1987 መጸው ላይ ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ በዚያ ዓመት ከየቤቱ ሬዲዮ የሚወጣ ዘፈን ነው። እዚህ ላይ ነው ሰዎቹን የማደንቃቸው። የዘመኑን ትልቅ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰዓት አስቀምጠው፣ አንዲት ልጅ ባቡር ጣቢያ ላይ ብቻዋን ቆማ ስትታይ ያፈነዱታል። ማንም አንድ ቃል አይናገርም። ፊሊፕና ኤልሳቤጥ የተለያየ ወንበር ላይ፣ መልካቸውን ለውጠው፣ እንደማይተዋወቁ ሆነው ተቀምጠዋል። ስለዚህ መጮህ እንኳ አይችሉም። እናት ልጇ ስትቀር በመስኮት አይታ እንደ እንግዳ ሰው ዝም ብላ መቀመጥ አለባት።

ዓባይ ማዶ፣ አንተ አንዱን ዘፈን ሰምተህ ሌላውን አልሰማህም። የሠርግ ዘፈን ሰምተህ የሙሾውን ሳትሰማ እንደመውጣት ነው።

አትንገሩኝ | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡13

ፔጅ ቀረች?!!

ቀበሌ 14 | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡14

ውጣ አልኩህ እኮ 😂

ደንገል | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡40

የዚህ ሲዝን ጉዳይ ኤልሳቤጥ ናት። ከአምስተኛው ሲዝን ሦስት ዓመት ዘልሎ ነው የሚጀምረው። ፊሊፕ ስለላውን ትቶ የጉዞ ወኪል ቢሮውን አስፋፍቷል፤ ቡትስ አድርጎ የካውቦይ ጭፈራ ይጨፍራል። እሷ ብቻዋን ቀርታለች። ሲጋራዋ ከእጇ አይወርድም። ዓይኗ ጉድጓድ ገብቷል። መርዙን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትዞረው፣ ከተያዘች እንድትውጠው።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ያውቃል። ታንኳ ውኃ ላይ በዋለ ቁጥር ደንገሉ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ማታ ማታ ዳር ያወጡትና አቁመው ያደርቁታል፣ ነፋስና ፀሐይ እንዲያገኘው። እኛ ሰፈር አንድ ሰውዬ ሰንፎ ታንኳውን ውኃ ላይ ማሳደር ጀመረ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይታይም። ይንሳፈፋል። ትንሽ ዝቅ ማለቱን እንኳ የምታየው ከጎኑ ደረቅ ታንኳ ሲቆም ነው። ኤልሳቤጥ በዚህ ሲዝን እንደዚያ ናት። ፊሊፕ ዳር ወጥቶ ደርቋል፣ እሷ ሃያ ዓመት ሙሉ አልወጣችም። ሁለቱ ወጥ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ ዝቅ ማለቷ ይታያል።

በተረፈ ስለ ስታን ሁላችሁም ቸኩላችኋል። ለጓደኛው ሲል ብቻ የለቀቃቸው ይመስላችኋል? የሞስኮ አክራሪዎች ጎርባቾቭን ሊገለብጡ እያሴሩ ነው፣ ወሬው ሞስኮ ካልደረሰ ሰውዬው ያልቅለታል። ይህን ስታን ከሶቪየቱ ሰው ከኦሌግ አፍ ሰምቶታል። ፊሊፕ ሲነግረው ሁለተኛ ምስክር ሆነለት። እንደ ሞኝ አልለቀቀም። መዝኖ ነው።

ሕግ ተማሪው | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡58

ደንገል፣ የታንኳው ነገር ጥሩ ነው፣ በስታን ግን አልስማማም። ስታን መንግሥት የከፈለው መኮንን ነው። ጌናዲና ሶፊያ የሱ ሰዎች ነበሩ፣ ሊጠብቃቸው ቃል የገባላቸው። የገደለቻቸው ኤልሳቤጥ ናት፣ ሕፃን ልጃቸው ቤት ውስጥ እያለ። ስታን እዚያው ቆሞ ሲጠይቃቸው ዓይን ዓይኑን እያዩ ካዱት። እውነት ተናገሩ በተባለበት ሰዓትም እየዋሹ ነው እኮ! እና «መዝኖ ነው» ትይኛለሽ? ሚዛኑ ላይ ያስቀመጡለት ድንጋይ የተጭበረበረ ነው።

ደንገል | ቅዳሜ፣ ማታ 5፡03

እሱንስ እውነትህን ነው። ያቺ ውሸት ሁልጊዜ ታመኛለች።

የሽምብጥ እናት | ቅዳሜ፣ ማታ 5፡09

ሬኔስ? ፊሊፕ ሊወጣ ሲል «ሚስትህ ከኛ ወገን ሳትሆን አትቀርም፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም» ይለዋል። እንዲህ ተብሎ ስንብት አለ? ከጥይት ይከፋል። ሰውዬው ከዚያ በኋላ የሚቀርብለትን እህል እንዴት ይበላል?

ቀበሌ 14 | ቅዳሜ፣ ማታ 5፡11

የጓደኛ ግዴታ ነው እትዬ። ቢደብቀውም ትሉት ነበር «ከዳው»።

የሽምብጥ እናት | ቅዳሜ፣ ማታ 5፡12

እርግጠኛ ሲሆን ይናገር፤ ካልሆነ አፉን ይያዝ! «ሳትሆን አትቀርም» የሐሜት ቋንቋ ነው።

ፖሊ | እሑድ፣ ጠዋት 2፡30

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። የልጅ ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁሉንም አነበብኩት።

እኔ የተማርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመ መሆኑን የዛሬ ልጆች አታውቁት ይሆናል። ሩሲያውያን አስተምረውኛል፣ ከነሱ ነው መጀመሪያ ቋንቋውን የለቀምኩት። በኋላ ለትምህርት ሞስኮ ሄድኩ። ፊልሙ የሚተርክበት ወቅት ላይ እዚያ ነበርኩ። ሬገንና ጎርባቾቭ ዋሽንግተን ላይ የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎችን ውል የፈረሙት ኅዳር 28 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው፣ በነሱ ዲሴምበር 8 ቀን 1987። ማታ ማደሪያችን ኮሪደር ጫፍ ላይ ያለችው ቴሌቪዥን ዙሪያ ተኮልኩለን አየነው። የኛ አበሾች፣ የቬትናም ልጆች፣ ኩባውያን። የፎቁ ጠባቂ አሮጊት ብቻ አላየችም። ሹራብ ትሠራ ነበር። «ምን ይላሉ?» አለችን ቀና ሳትል። «ሰላም ሊሆን ነው» አልናት። «ሳሙናስ?» አለች። ያን ሰሞን ሳሙና ጠፍቶ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? ፊሊፕና ኤልሳቤጥ አሜሪካ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት። የሚያውቋት ሞስኮና የተመለሱባት ሞስኮ አንድ አይደሉም። በመጨረሻው ትዕይንት ከተማዋን ከሩቅ ቆመው ሲያዩ፣ እሷ በሩሲያኛ አንዲት ቃል ትናገራለች። «ፕሪቪክኒም»። እንግሊዝኛው ትርጉም ከታች አምስት ቃል ይጽፋል። በሩሲያኛው ግን አንድ ቃል ነው። በኛም አንድ ቃል ነው። «እንለምደዋለን።»

ስሰማት ወንበሬ ላይ ተስተካከልኩ። ያቺን ቃል ለመጀመሪያው ክረምታችን ስንት ጊዜ ተባብለናታል፣ በረዶው ጉልበታችን ሲደርስ። ስመለስ ደግሞ እናቴ ቤት፣ በሌላ ነገር፣ ለራሴ ብያታለሁ። ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁት በ1981 ዓ.ም. ነበር። ሁለት ዓመት ሳይቆይ መንግሥት ተለወጠ። የነሱም አገር በ1991 (በነሱ አቆጣጠር) ፈረሰች። ኤልሳቤጥ «እንለምደዋለን» ያለችው አራት ዓመት ለቀራት አገር ነው።

ክራር | እሑድ፣ ጠዋት 2፡51

ጋሼ ፖሊ፣ እግዜር ይስጥዎት። አሁን ሄጄ ያቺን ቃል መልሼ ሰማኋት። ሦስት ጊዜ።

ሕግ ተማሪው | እሑድ፣ ጠዋት 3፡15

ጋሼ ካነሱት አይቀር እውነተኞቹን ልጨምር፣ ምክንያቱም ዓባይ ማዶ «አመለጡ አላመለጡም» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ በእውኑ ዓለም ፍርድ ቤት ደርሷል።

ፊልሙ የተነሳው ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ክስተት ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር አሜሪካ ውስጥ በሐሰት ማንነት ሲኖሩ የነበሩ አሥር ሰዎች ተያዙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቪየና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በአራት እስረኞች ተለወጡ። የፊልሙ ፈጣሪ ጆ ዋይስበርግ ራሱ የቀድሞ የሲ አይ ኤ ባልደረባ ነው።

ከተያዙት ውስጥ አንድ ባልና ሚስት ካናዳውያን ነን ብለው ቦስተን አጠገብ ይኖሩ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ኤፍ ቢ አይ ቤቱን የወረረው የትልቁ ልጅ 20ኛ ዓመት ልደት ቀን ላይ ነው። ታናሹ በ1994 ቶሮንቶ ነው የተወለደው። ካናዳ ዜግነቱን ነሳችው፣ «የባዕድ መንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነህ» ብላ። ልጁ ተከራከረ። በዲሴምበር 2019 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሱ ወሰነለት። ያ የሕጉ ልዩ ሁኔታ የሚሠራው ዲፕሎማቲክ ከለላ ላላቸው ሰዎች ልጆች ነው ብሎ። አሁን የአስተዳደር ሕግ የሚማር ሁሉ ይህን ፍርድ ያነባል።

ሄንሪን አስቡት። የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል በሜይ 30 ቀን 2018 ታየ። የሄንሪ ዕጣ ምን ይሆን እያልን ስንብሰለሰል፣ እውነተኛው ሄንሪ ጠበቃ ይዞ ክርክር ላይ ነበር።

የሽምብጥ እናት | እሑድ፣ ጠዋት 3፡22

ልደቱ ቀን? ኧረ እመቤቴ!

ሕግ ተማሪው | እሑድ፣ ጠዋት 3፡30

የባሰም አለ እትዬ። በኦገስት 1 ቀን 2024 በአንካራ በኩል ትልቅ የእስረኞች ልውውጥ ተደርጎ ነበር። ከተለወጡት ውስጥ አርጀንቲናውያን መስለው ስሎቬኒያ ይኖሩ የነበሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ክሬምሊን ራሱ እንደተናገረው፣ ልጆቻቸው ሩሲያውያን መሆናቸውን ያወቁት አውሮፕላኑ ከአንካራ ከተነሳ በኋላ ነው። ሩሲያኛ አያውቁም ነበር። ፑቲን ሞስኮ ሲቀበላቸው በስፓኒሽ ነው ሰላም ያላቸው።

ቀበሌ 14 | እሑድ፣ ጠዋት 3፡34

በዚህ ላይ የሚቀለድ የለኝም።

ደንገል | እሑድ፣ ጠዋት 4፡02

እነዚያ ልጆች ወላጆቻቸው ጋር ነው የሄዱት። ሄንሪ ተተወ። የቱ ይከፋል?

ፊሊፕ ነው «ሄንሪን እንተወው» ያለው፣ ይህን አትርሱ። ኤልሳቤጥ መጀመሪያ ሊዋጥላት አልቻለም። እሱ ግን የልጁ ቦታ እዚህ ነው አለ። ጨካኝ የምትባለው እሷ ናት፣ ልጁን የቆረጠው ግን ለስላሳው አባት ነው። ልክ ነበር እላለሁ፤ ማፍቀር አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚያስብል። ግን ልክ በመሆኑ አልቀለለውም። መንገድ ላይ ማክዶናልድ ገብቶ ምግብ ሲገዛ፣ ወረፋ ላይ አንድ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ሲበላ ያያል። ቆሞ ያያቸዋል። በቃ። ስድስት ሲዝን ሙሉ አሜሪካን የወደደው ሰው አሜሪካን የተሰናበተው እዚያ ድንች ጥብስ ፊት ነው።

ፖሊ | እሑድ፣ ጠዋት 4፡20

ልጄ ደንገል፣ ጥሩ አየሽ። እኛ አገር «ዓባይ ጣናን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይቀላቀልም» ይባላል። ግልገል ዓባይ በደቡብ ይገባል፣ እዚህ በባሕር ዳር ይወጣል፣ መሐል ላይ ውኃው ከውኃው ሳይነካካ። ኤልሳቤጥን ሳያት ይህ ነው የሚታወሰኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰንጥቃ አለፈች። ፊሊፕ ግን ሐይቅ ሆነ።

ሕግ ተማሪው | እሑድ፣ ጠዋት 4፡26

ጋሼ ይቅርታዎንና፣ ሳይንሱ ግን ይቀላቀላል ነው የሚለው።

ፖሊ | እሑድ፣ ጠዋት 4፡41

መሐንዲስ ነኝ እኮ ልጄ፣ መቀላቀሉን አውቃለሁ! እሷም ተቀላቅላለች፤ ሳታውቀው ነው እንጂ። ያቺን በሞት አፋፍ ያለች ሠዓሊ ስታስታምም አየሃት? ሠዓሊዋ ሥዕል እንድትሥል ታስገድዳታለች። መጀመሪያ ትበሳጫለች። በኋላ ማታ ማታ ወረቀት ላይ ትሞክራለች። የተሰጣትን ሥዕል አቃጠለችው፣ ምክንያቱም ሰላይ ቤቱ ውስጥ የሰው ማስታወሻ አያስቀምጥም። ግን እሳቱ ውስጥ እስኪያልቅ ቆማ አየችው። ከዚያ በኋላ ነው «ግደይ» የተባለችውን ተደራዳሪ አልገድልም ያለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ «ለምን?» ብላ ጠየቀች።

ዓባይ ማዶ | እሑድ፣ ከሰዓት 8፡15

ሁሉንም አነበብኩ። አሁን አቋሜን ልናገር።

የኔን መጨረሻ ወድጄው የነበረው ስለሚያመልጡ ነው። ለምን እንዲያመልጡ እንደፈለግሁ አላውቅም፤ ስንት ንጹሕ ሰው ገድለዋል። ግን ስድስት ሲዝን አብሬያቸው እራት ስበላ ወገን ሆንኩ። መኪናው ሲወጣ «እፎይ» አልኩ። ፊልሙ ደግሞ «እፎይ» ያልኩበትን አፌን ይዞ ቀሪውን አሳየኝ። ማንም አልታሰረም። ማንም አልተተኮሰበትም። ፔጅ ባዶ አፓርታማ ውስጥ ገብታ ቮድካ ቀድታ ብቻዋን ጠጣች። ስታን ሄንሪን ለመንገር የበረዶ ሆኪ ሜዳ ዳር ሄደ። እኔ ይህን ሁሉ ሳላይ ሁለት ዓመት «ነፃ ወጡ» እያልኩ ሻይ ጠጣሁ።

እና ሙሉው ይሻላል። ቀበሌ 14፣ ኤሚውን መልስ።

ቀበሌ 14 | እሑድ፣ ከሰዓት 8፡20

ኤሚውንማ በ2018 ማቲው ሪስ ወስዶታል፣ ፊሊፕን ለሠራበት። ጸሐፊዎቹም ለዚችው ለመጨረሻዋ ክፍል ወስደዋል። ኬሪ ራስል ባዶ እጇን ቀረች። እኔ ብሆን ቤት አላስገባውም ነበር፣ በእውነተኛ ሕይወታቸውም እኮ አብረው ነው የሚኖሩት።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ኦሌግስ? ጎርባቾቭን ያዳነው እሱ፣ እስር ቤት የቀረው እሱ። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ሞስኮ ይጠብቁታል። ለሱ ዘፈን እንኳ አልተከፈተለትም።

ክራር | እሑድ፣ ከሰዓት 8፡31

ይህኛው እውነት ነው። የኦሌግ አባት ልጁ መያዙን ሲሰማ የሚያሳየው ፊት ለኔ ከባቡሩ ይስተካከላል። ማንም ግን አያነሳውም።

አትንገሩኝ | እሑድ፣ ማታ 1፡05

እሺ ሁሉንም አነበብኩት። ማየቴን ልቀጥል ወይስ ይበቃኛል?

የሽምብጥ እናት | እሑድ፣ ማታ 1፡09

ቀጥል ልጄ። እኛ ሁላችን መጨረሻውን እያወቅን እንደገና ልናየው ነው።

ፍላሽ በርካሽ | እሑድ፣ ማታ 2፡44

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ደንበኛዬ ሊንኩን ልኮልኝ ነው። ዓባይ ማዶ፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም ያ የሙቪ ቤቱ ልጅ። ሰማያዊ ሹራብ የሚያደርገው ባለ 32 ጂቢ ፍላሽ ሰውዬ ነህ?

ብሮ በአምላክ ስሜን አታጥፋ። እኔ ሙሉ ነው ያልኩህ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ነው። ስገለብጥልህ መጨረሻዋ ክፍል ላይ «ቦታ የለም» አለኝ። ምን እንደያዘብህ ሳየው አንድ ትልቅ ቪዲዮ አለ፣ የሠርግህ። «ይህን ላጥፋልህና ልጨርስልህ?» አልኩህ። አንተ ስልክ እያወራህ በእጅህ «ተወው፣ ተወው» አልከኝና ነቅለህ ሄድክ። ስለዚህ የተገለበጠው ያህል ተገለበጠ።

ና፣ ሙሉውን በነፃ እጭንልሃለሁ።

ቀበሌ 14 | እሑድ፣ ማታ 2፡46

ኤዲተሩ መጣ!!! 😂😂😂

ደንገል | እሑድ፣ ማታ 2፡50

ቆይ፣ የሠርጉን ቪዲዮ ለማትረፍ ብሎ ነው መጨረሻውን ያጣው? አሁን ይቅር ብዬዋለሁ።

ዓባይ ማዶ | እሑድ፣ ማታ 3፡18

ሰማያዊ ሹራቡ የኔ ነው። ወንድሜ ይቅርታ፣ ሁሉንም ጥፋት እወስዳለሁ።

ደንገል፣ አትቸኩይ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን አነበበች። «እና ያንን ቪዲዮ ከዚያ ወዲህ አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ።

አላየሁትም። አሁን ፍላሹን እየፈለግን ነው።